በክረምት ቡችላሽን ብቻውን አታስወጪው

ልጄ፣ ቡችላሽ ሐምሌ ሲገባ ከደጃፍ አልወጣ ብሎ ምንጣፍሽ ላይ መሽናቱን እልኸኝነት አድርገሽ አትቁጠሪበት። ሆሳዕና በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ዋና መቀመጫ ከሆነች ወዲህ በየግቢው አዲስ ተከራይ አለ። እንዳንቺ ተዛውረው ከሚመጡት ወጣቶች አንዳንዶቹ፣ አባቶቻችን የሚያውቁትን ደጅ አዳሪ ጠባቂ ውሻ ሳይሆን፣ እግር ሥር የሚተኛ ትንሽ ውሻ ይዘው ይመጣሉ። ደጅ የሚያድር ውሻ የት እንደሚፀዳዳ ማንም ጠይቆት አያውቅም። ቤት የሚያድረው ግን አስተማሪ ይፈልጋል፤ አስተማሪውም አንቺ ነሽ።

በመጀመሪያ ሰውነቱን እወቂለት። የ3 ወር ቡችላ ነቅቶ ሲውል ሽንቱን ይዞ የሚቆየው ቢበዛ 3 ወይም 4 ሰዓት ነው። ዝርያው ትንሽ ከሆነ ፊኛውም ትንሽ ናትና ከዚያም ያንሳል። ትንሽ ሰውነት ሙቀቱን ቶሎ ያጣል፤ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ለብርድ የሚጋለጠው ቆዳው ይበዛልና። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ዱራሜም ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ወደ አንጋጫና ወደ ዶዮገና ስትወጪ ብርዱ ይብሳል። ለአንቺ ቁርጭምጭሚት ድረስ የሆነው ጭቃ ለእሱ ሆዱ ድረስ ነው። የረጠበ ሣር ሆዱን ሲነካው የወጣበትን ጉዳይ ትቶ ወደ በሩ ይመለሳል፤ ቤት ገብቶ ሰውነቱ ሲሞቅና ሲፍታታ ይለቀዋል። እልኸኝነት የመሰለሽ ይኸው ነው።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ሌላ ነገርም አለ። ቤታችን ቆርቆሮ ነው። ዶፍ ሲወርድ፣ ይልቁንም በረዶ ሲጨመርበት፣ እዚያው ቤት ውስጥ ያሉ ሰዎች እንኳ አይደማመጡም። የውሻ ጆሮ ደግሞ ከእኛ እጅግ ይበልጣል። በዚያ ሰዓት በሩን ከፍተሽ ብትገፊው ከጣሪያው ጠርዝ የሚንዠቀዠቀው ውሃ አናቱ ላይ ይወርድበታል፤ ድንጋጤውንና ደጁን አንድ አድርጎ ይይዛቸዋል። በማግሥቱ ፀሐይ ወጥቶም በሩን ይሸሻል። ስለዚህ ነጎድጓድ ሲኖር አታስወጪው። ትልቁ ዶፍ እስኪያባራ 10 ወይም 20 ደቂቃ አብረሽው ጠብቂ፤ ካፊያ ሲሆን ውጡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ደረቅ ቦታ አብጂለት። አከራይሽን አስፈቅጂና ከታዛው ሥር፣ ከበሩ ጥቂት እርምጃ ራቅ ያለ፣ ውሃ የማይተኛበት ጥግ ምረጪ። በየጎኑ 1 ሜትር ለትንሽ ውሻ ይበቃል። ታዛው ጠባብ ከሆነ አንድ ቆርቆሮ ይጨመርበት፤ ከላዩም ያረጀ ጆንያ ደርበሽ ብታስሪበት የጠብታው ጩኸት ይቀንሳል። መሬቱ ከፍ ይበል፣ ዙሪያውን ትንሽ ቦይ ይቆፈርለት። ከታች ጠጠር አድርጊ፣ ከላይ ሰጋቱራ። ሰጋቱራ ከአናጢ ቤት በጆንያ ታገኛለሽ፤ ቀለም ወይም ቫርኒሽ ከተቀባ እንጨት የወጣውን ብቻ አትውሰጂ። የረጠበውን በየቀኑ እየዛቅሽ አውጪ፣ ነገር ግን ከረጠበው አንድ እፍኝ ትተሽ አዲሱን ደባልቂበት። ውሻ ቦታውን የሚለየው በአፍንጫው ነው፤ ሁሉንም ካጸዳሽው የት እንደነበረ ይጠፋዋል።

ሣሩ እያለ ሰጋቱራ ለምን? ትዪኝ ይሆናል። ቡችላ በመጀመሪያዎቹ ወራት እግሩ ሥር የለመደውን ነገር መፀዳጃ አድርጎ ይይዘዋል። በሣር ላይ የለመደ ቡችላ፣ እሑድ ቡና ልታፈዪ ቄጠማ ስትጎዘጉዢ፣ መፀዳጃውን ቤት ድረስ ያመጣሽለት ይመስለዋል። እንግዳ ተሰብስቦ፣ ፈንዲሻው ቀርቦ፣ መሐል ወለል ላይ ይሸናል፤ ያኔ የሚደርስበት ቁጣ በእውነት አይገባውም። እንሰት ሲፋቅ መሬት የሚነጠፈው ሰፊ ቅጠልም እንዲሁ ያሳስተዋል። ሰጋቱራ ግን በቤታችን ለበዓልም ለቡናም አይጎዘጎዝም። ሣር አስቀድሞ ለምዶ ከሆነ ቄጠማው ከመነጠፉ በፊት አውጪው፤ ቡናው እስኪያልቅም ሌላ ክፍል ይቆይ።

ክረምታችን ሰዓት አለው። ብዙ ጊዜ ጠዋቱ ይገለጥና ደመናው ከሰዓት በኋላ ይከብዳል። ምግቡን በዚህ ላይ አስተካክዪለት። ቡችላ ከእንቅልፉ እንደነቃ፣ ከበላ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ፣ እንዲሁም ተጫውቶ ሲያበቃ መውጣት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ጠዋት 1 ሰዓት አብዪውና በብርሃኑ አውጪው፤ የከሰዓቱን ምግብ ዝናቡ ሳይመጣ፣ 8 ሰዓት ገደማ ስጪው፤ የማታውን አሳንሺና በጊዜ ስጪ። ምግቡ ሰዓት ከሌለው መውጫውም ሰዓት አይኖረውም። ውሃ ግን አትከልክዪው። ሽንቱ እንዲቀንስ ብለው ውሃ የሚነሱ አሉ፤ ይህ ጭካኔ ነው፣ ጤናውንም ይጎዳል።

ስታስወጪው አብረሽው ውጪ። በሩን ከፍቶ «ሂድ!» ማለት በክረምት አይሠራም፤ ደጃፉ ላይ ቆሞ ይጠብቅሽና ተመልሶ ይገባል። ጃንጥላሽን ያዢ፣ በአጭር ገመድ ምሪው፣ ሰጋቱራው ላይ አድርሰሽው ዝም ብለሽ ቁሚ። አታጫውቺው፣ አትቆጪው። አንድ ቃል ምረጪና በዚያ ቦታ ብቻ በይው። በሀዲይኛ ይሁን በከምባትኛ ወይም በአማርኛ ግድ የለም፣ ብቻ የቤቱ ሰው ሁሉ ያችኑ አንዷን ቃል ይበል። በእኛ ከተሞች በአንድ ቤት ሁለትና ሦስት ቋንቋ ይነገራል፤ አንዱ በአንዱ ቋንቋ ሌላው በሌላው ቢያዝዘው ቡችላው ግራ ይጋባል። እንደጨረሰ ወዲያው፣ እዚያው ቆመሽ፣ በሁለትና ሦስት ሰከንድ ውስጥ ትንሽ ቁራሽ ነገር አጉርሺውና አመስግኚው። ቤት ከገባችሁ በኋላ ብትሰጪው የተሸለመው ለመግባቱ ነው። ከዚያ ሳትዘገዪ አስገቢው፤ በዝናብ ቀን ከቁራሹ ይልቅ ደስ የሚያሰኘው ወደ ሙቀት መመለሱ ነው። 5 ደቂቃ ቆማችሁ ምንም ካላደረገ ግቡ፣ ግን አትልቀቂው፤ እቅፍሽ ውስጥ ወይም አጠገብሽ በገመድ ይቆይ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ እንደገና ውጡ። ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሳይፀዳዳ ገብቶ የተለቀቀ ቡችላ በሚቀጥሉት ደቂቃዎች ወለሉን ያበላሻል።

የሌሊቱ ነገር ከሁሉ ይከፋል። ጅብ በጨለማ እስከ ከተማው መንደር ይዘልቃል፤ ትንሽ ውሻ ለጅብ አንድ ጉርሻ ነው። ባለቤት የሌላቸው ውሾችም በመንጋ ይዞራሉ፤ ከእነሱ ጋር የእብድ ውሻ በሽታ ይመጣል። በአገራችን ከተሞች ለልቅ ውሻ መርዝ የሚጣልበት ጊዜም አለ፤ መርዙ ደግሞ የማንን ውሻ እንደገደለ አይመርጥም። «አንዴ ለቀቅ ላድርገውና ይመለሳል» ብለሽ በር እንዳትከፍቺ። ከመተኛትሽ በፊት 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ አውጪው፤ ቡችላነቱ እስኪያልፍ ሌሊት አንዴ መነሣት ይኖርብሻል፤ መብራት ይጠፋልና ባትሪሽ በሩ ጎን ይቀመጥ።

ዱላውን ነገር ልንገርሽ። ቤት ውስጥ ሲሸና አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ማሸት፣ መምታት፣ በጋዜጣ ማስፈራራት በአገሩ ሁሉ የተለመደ ነው። ውጤቱን ግን እዪ። ቡችላው የሚማረው «ቤት ውስጥ ነውር ነው» የሚለውን አይደለም፤ «በዚህች ሴት ፊት አደገኛ ነው» የሚለውን ነው። ከዚያ ወዲያ አልጋ ሥር፣ ከሶፋ ጀርባ፣ ከጆንያ ኋላ መደበቅ ይጀምራል። ብሶ ብሶ በዝናብ አስወጥተሽው በገመድ ስትይዢው አንቺ እያየሽው አይፀዳዳም። ጃንጥላ ይዘሽ ግማሽ ሰዓት ትቆሚያለሽ፣ እሱም ይዞ ይገባል። በዱላ የተዘጋው በር ይህ ነው፤ ለመክፈቱ ብዙ ሳምንት ይፈልጋል። ሲጀምር በዓይንሽ ካየሽው «እ!» ብለሽ አቋርጪውና አንሥተሽ አውጪው። ካለፈ በኋላ ካገኘሽው ጽዳቱን ብቻ ሥሪ።

ጽዳቱም ዘዴ አለው። ብዙዎች ወደ በረኪና ይሮጣሉ። በረኪና ሽንት ውስጥ ካለው አሞኒያ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣዋል፤ በተዘጋ የክረምት ቤት ውስጥ አትሞክሪው። በጨርቅ መጥጪው፣ በሳሙናና በለብ ያለ ውሃ እጠቢው፣ ከዚያ አቼቶ በውሃ አቅጥነሽ ቀቢው። ወለልሽ ሊሾ ሆኖ የወለል ፕላስቲክ ከተነጠፈበት ጠርዙን ገልጠሽ ከሥሩ እዪ፤ ሽንቱ የሚገባው እዚያ ነው፤ አንቺ ላይሸትሽ ይችላል፣ እሱ ግን ይሸተውና ተመልሶ ይመጣል። የአፈር ወለል ከሆነ የረጠበውን አፈር ፍቀሽ አውጪና በደረቅ አፈር ተኪው።

ጎረቤትን አስቢ። አንድ ግቢ ውስጥ አራት አምስት ቤተሰብ ይኖራል፣ ልጆች ባዶ እግራቸውን ይሮጣሉ። ቡችላ ብዙ ጊዜ ገና በእናቱ ሆድ ሳለ የሆድ ትል ይተላለፍበታል፤ የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣና እርጥብ አፈር ውስጥ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ሰውን መልከፍ ይችላል፤ ልጆችን ይልቁንም ዓይናቸውን ይጎዳል። በየቀኑ የምታነሺው ከሆነ ለዚያ ጊዜ አይኖረውም ማለት ነው። አንሥተሽ ጉድጓድ መጸዳጃ ውስጥ ክተቺው፣ ከነፌስታሉ ግን አይሁን። የመንገድ ቦይ ውስጥ አትጣዪ፤ ጎርፉ ወስዶ ከታች ላሉት ያደርሰዋል። የላም እበት ለእንሰቱ ይሰጣል፣ ጥሩ ነው፤ የውሻውን ግን እንሰት ሥር አታድርጊ፤ ሴቶች እጃቸውን የሚያስገቡበት፣ ቅጠሉንም ለቆጮ መጠቅለያ የሚቆርጡበት ጓሮ ነው። ውሻ በነካው ልብስ የማይሰግዱ ሙስሊም ጎረቤቶች ካሉሽ ደግሞ የረጠበ ውሻሽ በራቸው ላይ እንዳይራገፍ፣ ከተሰጣ ልብሳቸው እንዳይጠጋ ተጠንቀቂ። አክብሮትሽን ሲያዩ ውሻሽንም ይታገሡልሻል።

ሲገባ አድርቂው፤ ሆዱንና የጣቶቹን መሐል ይልቁንም። ካረጀ ሹራብ እጅጌ ለትንሽ ውሻ ልብስ ይወጣል፤ ለፊት እግሮቹ ሁለት ቀዳዳ ይበቃል። ሁለት ይኑርሽ፣ የረጠበ ሹራብ ከባዶ ገላ ይበልጥ ያበርዳልና። እንዲሞቅ ብለሽ ከከሰል ምድጃ ጋር በተዘጋ ክፍል አትተዪው። ከሰል የሚያወጣው ሽታ የሌለው መርዝ ሰውንም ውሻንም ይገድላል።

ሁሉን አድርገሽ አሁንም ቤት ውስጥ የሚሸና ከሆነ ልማድ ብቻ ላይሆን ይችላል። ቶሎ ቶሎ ጥቂት ጥቂት ከሸና፣ ሲሸና ካማጠ፣ ደም ካየሽ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ውሰጂው። ቡችላ አስመልሶት ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከያዘው ፓርቮ የሚባለው በሽታ ሊሆን ይችላልና አንድ ቀን አትጠብቂ።

ክረምቱ ሲወጣ በሀዲያ ያሆዴ፣ በከምባታ መሳላ ይመጣል። ለበሬ ገንዘብ ሲያጠራቅሙ የከረሙ ቤተሰቦች ሁሉ ያርዳሉ፣ ሆድ ዕቃውም ለውሻ ይጣላል። ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካለ ጥሬውን የበላ ውሻ ትንሽ የኮሶ ትል ይይዘዋል፤ የዚህ ትል እንቁላል ከዓይነ ምድሩ በወጣ ጊዜ ሳይቆይ ሰውን ይለክፋል፤ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይም ያንኑ ከረጢት ያበቅላል። እስከዚያ የደከምሽበት የጽዳት ልማድ ሁሉ በአንድ ቁራጭ ሳንባ ይበላሻል። በዕርዱ ቀን ቡችላሽን እሰሪው፤ ከረጢት ያለበት ሥጋ እንዲቀበር ወይም እንዲቃጠል ለአራጆቹ ንገሪ፤ ለእሱ የምትሰጪውን ቀቅለሽ ስጪ። ለሌላው ትል የሚሰጠው ኪኒን ይህንን ስለማይገድል ፕራዚኳንቴል ያለበትን ጠይቂ፤ ሐኪሙ መዝኖ መጠኑን ይንገርሽ። በዚያው ጉዞ 3 ወር ከሞላው የእብድ ውሻ ክትባቱን አስከትቢው፣ የክትባት ካርዱንም ለአከራይሽ አሳዪ።