ስለ ወጣቶች ጤና ከወጣቶች ጋር መምከር ይገባልን?

ለሰው በጎ ነገር ማድረግ መልካም መሆኑን የሚክድ የለም። ጥያቄው ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም በጎ የሚደረግለት ሰው ሳይመክርበት የተደረገ ሥራ ሙሉ በጎነት ነውን የሚል ነው። በወልቂጤና በቡታጅራ ስለ ወጣቶች ጤናና ስለ ሰውነት እንቅስቃሴ ሲታሰብ ይህ ጥያቄ ከቃል ክርክር አልፎ የኑሮ ጉዳይ ይሆናል።

የዓለም ጤና ድርጅት ወጣት ሁሉ በየቀኑ በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነቱን እንዲያንቀሳቅስ ይመክራል። ሊቃውንቱ በኅዳር 2012 ዓ.ም. ባወጡት የ146 አገሮች ጥናት ግን ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 17 ዓመት ከሆነው ተማሪዎች ከመቶው 81ዱ ከዚህ ልክ አልደረሱም፤ ከሴቶቹማ ከመቶው 85ቱ ጎደሉ።

እንግዲህ ይህን ያየ ሹም ፈጥኖ ሜዳ ቢያስከልል፥ ኳስም ቢያድል፥ ማን ይነቅፈዋል? ሆኖም ሜዳው ለማን ተከለለ? በማለዳ ውኃ የምትቀዳ፥ ከትምህርት ቤት ስትመለስም እናቷን በእንሰት ሥራ የምትረዳ ልጃገረድ ከሰዓት በኋላ ለኳስ በተመደበው ሜዳ ቦታ የላትም። ቀኑን ሙሉ ሸክም ሲሸከም ለዋለ ወጣትም የጎደለው ዕረፍትና ምግብ እንጂ እንቅስቃሴ አይደለም። የወልቂጤ ከተማ የእግር ኳስ ቡድን በ2012 ዓ.ም. በአገሪቱ ፕሪሚየር ሊግ መጫወቱ ለከተማው ክብር ነበረ፤ ነገር ግን ጥቂቶች ሲሮጡ ሺህ ሰው ተቀምጦ ቢያይ ጤናው የሯጮቹ እንጂ የተመልካቹ አይሆንም።

«በሽተኛ ለራሱ መድኃኒት አያዝም፤ የሚያውቅ ይዘዝ» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ መድኃኒቱን ሐኪሙ ያውቃል። የሚያመው የት እንደ ሆነ የሚናገረው ግን በሽተኛው ነው።

ደግሞ «ጠይቀናቸዋል» የሚል አለ። መጠየቅና ማማከር ግን አንድ አይደለም። በ1979 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስዊድን አገር ካለው ከኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በቡታጅራና በዙሪያዋ በጀመረው የጤና ጥናት፥ በየቤቱ እየዞሩ የተወለደውንና የሞተውን ጻፉ፤ ከዚህም ለአገር የሚጠቅም ብዙ ዕውቀት ተገኘ። ለጥናት መልስ የሚሰጥ ሰው ግን ያለውን ይናገራል እንጂ የሚሆነውን አይቆርጥም። ለወጣቶች በሚደረገው ሥራ የሚያስፈልገው ከዚህ ይበልጣል፤ ሰዓቱን፥ ስፍራውን፥ የጨዋታውን ዓይነት፥ ገንዘቡም በምን ላይ እንዲውል ወጣቶቹ አብረው ሊቆርጡ ይገባል።

የዚህ ምሳሌ በቅኔ ቤት አለ። መምህሩ ቅኔውን ለተማሪው አይቆጥርለትም፤ ተማሪውም ያለ ሕግ እንደ ወደደ አይናገርም። ተማሪው ብቻውን ተቀምጦ ይቆጥራል፥ በመምህሩ ፊት ይነግራል፥ መምህሩም ያርመዋል። እንዲሁም ሐኪሙ ሕጉን ይጠብቅ፥ ሥራው ግን የወጣቶቹ ይሁን።

የጉራጌም አገር ለምክር እንግዳ አይደለም። የየጆካ ሸንጎ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሲፈርዱ የኖሩበት ነው። ነገር ግን በ19ኛው መቶ ዓመት የቃቄ ወርድዎት የተባለች ሴት ሴቶችን አስከትላ በዚያ ሸንጎ ፊት ስለ ጋብቻ ሥርዓት እንደ ተከራከረች ይነገራል። ሽማግሌ ጠቢብ ቢሆንም ያልተጠራውን ሰው ችግር ከጥበቡ ብቻ ሊያውቀው አይችልም።

በእነዚህ ከተሞች ክርስቲያኑና ሙስሊሙ፥ ጉራጌውና ቀቤናው፥ መስቃኑ፥ ማረቆውና ስልጤው በጉርብትና ይኖራሉ። በሰኔ 2010 ዓ.ም. በወልቂጤ በጎረቤቶች መካከል ግጭት ተነሥቶ እንደ ነበረ አይረሳም። ሜዳ የአንድ ወገን ብቻ መስሎ ከታየ ቂም ያበቅላል፤ አብረው የከለሉትን ግን አብረው ይጠብቁታል።

ምክር ሥራን ያዘገያል፤ ሹሙም ያሰበው ሐሳብ ተሽሮ ያይ ይሆናል። ይህን መታገሥ የማይችል ሰው የሚወደው የገዛ ሥራውን እንጂ ወጣቶቹን አይደለም። ስለዚህ ጉባኤ የሚጠራ ሁሉ የመጡትን ከመቍጠር በፊት ያልመጡት እነማን እንደ ሆኑ ይጠይቅ፤ እነርሱም የሚመቻቸውን ሰዓት መርጦ ይጥራቸው።