ባዳና አብሮ አደግ

ሰውነታችን ራሱን በምን ያውቃል? ጀርመናዊው ሐኪም ፓውል ኤርሊክ በ1900 እ.ኤ.አ. ገደማ ፍየሎችን በሌሎች ፍየሎች ደም ወጋ። ፍየሎቹ የሌላውን ደም የሚያፈርስ አንቲቦዲ አመረቱ፤ የራሳቸውን ደም ግን አልነኩም። ኤርሊክም ሰውነት ራሱን መመረዝ ይፈራል አለ። ለመፍራት ግን አስቀድሞ ማወቅ ያሻል፤ ራሱን ያልለየ ምኑን ይፈራል?

እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ መልስ የመጣው ከጥጆች ነው። በ1945 ሬይ ኦወን የተባለ አሜሪካዊ በዊስኮንሲን የመንታ ጥጆችን ደም መረመረ። መንቶቹ ከሁለት እንቁላል የተገኙ ናቸው፤ አባት ኮርማቸው የተለያየ መንቶችም ነበሩባቸው። በማህፀን ሳሉ የደም ሥራቸው ተገናኝቶ ስለነበር፣ ካደጉ በኋላም አንዱ የሌላውን የደም ሕዋስ ተሸክሞ ይኖራል፤ አይዋጋውም። በዘር ባዳ የሆነው ዕድሜ ልኩን የቤት ሰው ሆነ። እንዲህ ያለውን እኛ አብሮ አደግ እንለዋለን። አውስትራሊያዊው ማክፋርሌን በርኔት ከዚህ ተነሥቶ፣ ሰውነት ራሱን ማወቅን ይማረዋል እንጂ በዘር አይወርሰውም አለ፤ በ1960 ከፒተር ሜዳዋር ጋር የኖቤል ሽልማት አገኘ።

ትምህርቱ ከባድ ነው። አንቲቦዲ የሚያመርተው ሕዋስ፣ ቢ ሴል፣ በአጥንት መቅኔ ውስጥ ሲወለድ የጂን ቁርጥራጮችን በዘፈቀደ ገጣጥሞ ያገኘውን ነገር የሚይዝበትን እጅ ይሠራል። ምን እንደሚይዝ የሚነግረው የለም። በ2003 ይፋ የሆነ ጥናት በሰው መቅኔ ውስጥ ገና ጨቅላ ከሆኑት ቢ ሴሎች ከ55 እስከ 75 በመቶ የሚሆኑት የገዛ ሰውነታቸውን እንደሚይዙ አሳይቷል። ይህን ቁጥር ሳነብ ደንግጫለሁ። ከባዳ ሊጠብቁን ከሚወለዱት የሚበዙት መጀመሪያ የሚጨብጡት እኛኑ ነው።

ሰውነት ግን ሁሉንም አይገድልም። ራስን አጥብቆ የያዘው ሴል ብዙ ጊዜ ሌላ ዕድል ያገኛል፤ ጂኑን ዳግም ገጣጥሞ እጁን ይቀይራል፤ ካልሆነለት ይሞታል። ላላ አድርጎ የያዘው ከመቅኔ ይወጣል፤ ቢነካም እንዳይነሣ ሆኖ፣ ዝም ብሎ። ቢ ሴል «ይህ የእኔ ነው?» ብሎ አይጠይቅም፤ «እኔ» የሚለው የለውም። የሚመዝነው መቼ እንዳገኘው፣ ምን ያህል አጥብቆ እንደያዘው፣ ቲ ሴል የሚባለው ሌላ የመከላከያ ሕዋስም ያግዘው እንደሆነ ነው።

ዝም ያለውን አደገኛ ሴል በሕይወት ማቆየት ለምን? እኛን የሚይዘው ሁሉ ቢጠፋ፣ እኛን መስሎ የሚመጣውን ተሕዋስ የሚይዝ አይተርፍም። በ2018 የወጣ የአይጦች ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል። ዝም ያሉት ሴሎች ራስን የሚመስል ባዕድ ሲገጥማቸው ነቁ፤ እየተባዙ ሲለወጡም መጀመሪያ የራስን መያዝ ለቀቁ፣ ከዚያ ባዕዱን አጠበቁ። ጥርጣሬ ያረፈበትን ሳይጥሉ ማረም በሥጋችን ውስጥ እንዲህ ይሠራል፤ ይህ በእጅጉ ይነካኛል።

ሁልጊዜ ግን አይሳካም። በአገራችን ብዙ ቤተሰብ «ቶንሲል ነው» ብሎ የሚያልፈው የጉሮሮ ሕመም ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ያመጣው ከሆነ፣ በአንዳንድ ልጆች ባክቴሪያውን የያዘው አንቲቦዲ የልብንም ሥጋ ይይዛል፤ የልብ ቫልቭ ይጎዳል። ለዚህ ነው እንዲህ የታመመ ልጅ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ፔኒሲሊን የሚወጋው። መርፌው ባክቴሪያውን ከጉሮሮው ያርቃል እንጂ ሴሎቹን አይነካም፤ ሴሎቹ የልጁ የራሱ ናቸውና።