በኀዘን ሕመም ጊዜ መድኃኒትን ስለ መለወጥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ነቢዩ ኤልያስ የኤልዛቤልን ዛቻ ሸሽቶ ወደ ምድረ በዳ በገባ ጊዜ፥ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነፍሱ እንድትወሰድ እንደ ለመነ እናውቃለን (1 ነገ. 19)። ይህ ሰው በጸሎቱ ሰማይን የዘጋና የከፈተ፥ በቀርሜሎስ ተራራ እሳትን ያወረደ ነቢይ ነው። እንግዲህ ሞትን እስከ መመኘት የሚያደርስ ኀዘን ሁሉ ከእምነት ማነስ የመጣ ነው የሚል ሰው ቢኖር ኤልያስን ይመልከት። እግዚአብሔር በዚያች ሰዓት ነቢዩን አልገሠጸውም፤ መልአኩን ልኮ እንጎቻና ውኃ ሰጠው እንጂ። ኤልያስም በልቶና ጠጥቶ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጥቶ ቀሰቀሰው፤ መንገዱ ገና ሩቅ ነበርና ዳግመኛ መገበው። ከዚህ በኋላ 40 ቀንና 40 ሌሊት ተጕዞ ወደ ኮሬብ ዋሻ ደረሰ፤ በዚያም እግዚአብሔር ሁለት ጊዜ ጠየቀው፥ እርሱም በልቡ የተከማቸውን ኀዘን ሁለት ጊዜ ተናገረ።

በዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮች ተያይዘው እናያለን፤ ይኸውም ሥጋን የሚያጸና ምግብና የልብን ሸክም የሚያወጣ ንግግር ነው። እንጎቻው ንግግሩን አላስቀረውም፤ ንግግሩም እንጎቻውን ከንቱ አላደረገውም። እንዲያውም ነቢዩ አስቀድሞ ባይመገብ ኖሮ ወደሚናገርበት ዋሻ ለመድረስ ጕልበት ባልኖረው ነበር።

ዛሬ ሐኪሞች ድባቴ ብለው የሚጠሩትን ሕመም በእነዚሁ በሁለቱ መንገዶች ይረዱታል። አንደኛው መድኃኒት ነው፤ በአገራችን ከሚታዘዙትም መካከል አሚትሪፕቲሊንና ፍሉኦክሰቲን ይገኛሉ። ሁለተኛው የንግግር ሕክምና ነው፤ በዚህም ሕሙሙ ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር በየጊዜው እየተቀመጠ የቈሰለውን ልቡን ይገልጣል። ቀድሞ ከወላይታ የሚነሣ ሕሙም ለእንዲህ ያለው ሕክምና ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞ በአዲስ አበባ ወደሚገኘው ወደ አማኑኤል ሆስፒታል መድረስ ነበረበት፤ ዛሬ ግን በሶዶ ከተማ በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል።

አሁን ከቢጠና ወደ ሶዶ የሚመላለስ አንድ ምእመን እናስብ። መድኃኒት ከጀመረ ጥቂት ሳምንታት ሆኖታል፤ በየሳምንቱም ከአንድ ጊዜ በላይ ከባለሙያ ፊት ተቀምጦ ለብዙ ዓመታት የሸሸገውን ኀዘን ያወጣል። ነገር ግን ወደ ቤቱ ሲመለስ እንባው ይበዛል፥ እንቅልፉም ይሸሻል። በዚህም ጊዜ፥ «መድኃኒቱ አልያዘኝም፤ ልለውጠው ወይስ ልተወው?» ብሎ ወደ ንስሐ አባቱ ይመጣል። ካህኑ ምን ሊመልስለት ይገባል?

አስቀድሞ ይህን ማስተዋል ያስፈልጋል። የቈየ ቍስል ሲታጠብ ያማል፤ ይህ ሕመም ግን የመዳን መንገድ እንጂ የመድኃኒቱ ድክመት ምልክት ላይሆን ይችላል። ደግሞም የድባቴ መድኃኒት እንደ ራስ ምታት ክኒን በሰዓታት ውስጥ የሚሠራ አይደለም፤ ጥቅሙ የሚታየው በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ሲሆን፥ በሚገባው መጠን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሳይወሰድ አልሠራም ብሎ መፍረድ ችኰላ ነው። ስለዚህ ሕሙሙ መድኃኒቱን በየቀኑ ወስዶት እንደ ሆነ፥ ኀዘኑ የሚበረታው ከንግግሩ በኋላ ባለው ቀን ብቻ ወይም ዘወትር እንደ ሆነ፥ እንቅልፉና የምግብ ፍላጎቱ እንዴት እንደ ሆነ መዝግቦ ለሐኪሙም ለንግግር ሕክምና ባለሙያውም ይንገር። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የተለወጠ እንደ ሆነ የትኛው እንደ ረዳ፥ የትኛውም እንደ ጐዳ መለየት ያስቸግራልና።

ይሁን እንጂ መለወጥ የሚገባበት ጊዜ አለ። ጊዜውና መጠኑ ተሟልቶ ሳለ ኀዘኑ ካልቀለለ፥ ወይም የአፍ መድረቅ፥ የሆድ ድርቀትና የእንቅልፍ ብዛት ከበረታበት፥ ወይም ሕሙሙ ከድካሙ የተነሣ ለንግግሩ እንኳ መቀመጥ ካልቻለ፥ ሐኪሙ መድኃኒቱን ሊለውጥ ይችላል። ይህም የተስፋ መቍረጥ ምክንያት አይደለም። ጌታችን በቤተ ሳይዳ የዕውሩን ዓይን ሁለት ጊዜ ዳሰሰ፤ ዕውሩ በመጀመሪያው ሰዎችን እንደ ዛፍ አየ፥ በሁለተኛው ግን አጥርቶ አየ (ማር. 8)። ሁሉን የሚችል ጌታ በአንድ ቃል ማዳን ሲቻለው በደረጃ ከፈወሰ፥ ሰው የሚሰጠው መድኃኒት ሁለተኛ ሙከራ ቢያስፈልገው ምን ያስደንቃል?

የወላይታ ገበሬ የእንሰትን ችግኝ በአንድ ስፍራ ተክሎ አይተወውም፤ እያደገ ሲሄድ ነቅሎ ሰፋ ወዳለ ቦታ ያዛውረዋል። ነገር ግን ሥሩን በፀሐይ ላይ ጥሎት ቢሄድ ይደርቃል። መድኃኒትንም እንዲሁ በድንገት ማቋረጥ የራስ መዞርን፥ የእንቅልፍ ማጣትንና መረበሽን ያመጣል፤ ኀዘኑም ተመልሶ ሊበረታ ይችላል። ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ የፊተኛውን በጥቂት በጥቂቱ እየቀነሰ፥ የኋለኛውንም ከትንሽ መጠን ጀምሮ ይተካል። ፍሉኦክሰቲን ከተተወ በኋላ እንኳ ለሳምንታት በሰውነት ውስጥ ይቈያል፤ በዚያ ጊዜ አሚትሪፕቲሊን ያለ ጥንቃቄ ቢጨመርበት በደም ውስጥ መጠኑ ከፍ ብሎ ሊጐዳ ይችላል። ስለሆነም ከጎረቤት የተገኘ ክኒን መዋጥ ወይም በራስ ፈቃድ መለዋወጥ አደጋ ነው። ሕሙሙ በተሻለው ጊዜም ሐኪሞች መድኃኒቱን ከ9 እስከ 12 ወር እንዲቀጥል ይመክራሉ።

ካህናት አባቶች ሆይ፤ በዚህ ነገር ላይ ቃላችሁ ትልቅ ሥልጣን አለው። ሕሙሙ ለ7 ወይም ለ14 ቀን ጸበል ሲገባ መድኃኒቱን ትቶ የሚገባ እንደ ሆነ ጠይቁት፤ እንዳይተወውም ንገሩት። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ስለ ኤች አይ ቪ ሕሙማን በተናገሩ ጊዜ፥ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደ ሆኑና እርስ በርሳቸው እንደማይጋጩ አስተምረዋል። ይህ ትምህርት ለልብ ሕሙማንም ይሠራል። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብር ያስተምረናል፤ ለንጉሡ ለሕዝቅያስ ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቍስሉ ላይ እንዲደረግ ማዘዙም ተጽፏል። በጾም ወራት የመድኃኒቱ ሰዓት እንዳይታጐል የንስሐ አባት ለድካሙ የሚስማማውን ሥርዓት ይስጠው፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ልጇ የምትራራ እናት ናትና።

ከሁሉ ይልቅ ይህን አንርሳ። መድኃኒት ሲጀመርም ሆነ መጠኑ ሲለወጥ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፥ ይልቁንም ከ25 ዓመት በታች በሆኑ ወጣቶች ላይ፥ ራስን የማጥፋት አሳብ ሊበረታ ይችላል። ስለዚህ ቤተሰብ በእነዚያ ቀናት ሕሙሙን ብቻውን አይተወው፤ መድኃኒቱንም ሌላ ሰው ይጠብቅለት። ሞትን እንደሚመኝ የነገረን እንደ ሆነ፥ «እንዲህ አይባልም» ብለን አፉን አንዝጋ፤ ቀጠሮውም ይደርሳል ብለን አንጠብቅ፤ በዚያው ቀን ይዘነው ወደ ሆስፒታል እንሂድ።

መልአኩ ኤልያስን በተኛበት ትቶት አልሄደም፤ መንገዱ ሩቅ መሆኑን አውቆ ሁለተኛውን እንጎቻ አቀረበለት እንጂ። እኛም የደከመ ወንድማችን መድኃኒቱን ሊለውጥ ሲያስብ፥ እምነት ጐደለህ ብለን ከመፍረድ ተቈጥበን፥ እስከ ሐኪሙ ደጅ አብረነው እንሂድ፤ ሲመለስም በጸሎት እንቀበለው። የደከሙትን የሚያጸና አምላክ ለሕሙማን ሁሉ ምሕረቱን፥ ለሚያስታምሙም ትዕግሥቱን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።