አዲሱን ጨርቅ ምን በደለሽና?

ባለፈው ፋሲካ ሉማሜ፣ አያቴ ጓሮ ውስጥ፣ ሦስት ጉልቻ ላይ ድስት ጥጄ ቡና አፈላ ነበር። የሚጠጣ ቡና እንዳይመስላችሁ። ድስቱ ውስጥ ያለው የሰነባበተ የቡና አተላና አራት ሜትር አዲስ አቡጀዲ ነው። አያቴ መደቡ ላይ ተቀምጠው ብዙ ሲያዩኝ ቆዩና፣

«ይሄን የመሰለ አዲስ ጨርቅ ምን በደለሽና ታቆሽሺዋለሽ?» አሉኝ።

«እንዲያረጅ ብዬ ነው፣ እማማ።»

«ጨርቅ እኮ ዝም ብትይውም ያረጃል።»

ተሳሳቅን። ነገሩ ግን ቀኑን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ።

የምሠራው በጨርቅ ነው። ቁርጥራጭ እየቀጣጠልኩ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሥራ እሰፋለሁ። በእኛ አገር የዚህ ሥራ የቅርብ ዘመድ ድሪቶ ነው፤ የተቀደደው ላይ ሌላ፣ ሌላው ላይ ደግሞ ሌላ እየተጣፈ፣ በመጨረሻ የመጀመሪያው ጨርቅ የቱ እንደነበር የሚጠፋበት። ቃሉ ራሱ ክብር የለውም። ለማኝ በወሬ ሲሣል ድሪቶ ለብሶ ነው፤ ዓለምን የናቀ መናኝም እንደዚያው። ጽሑፍ አልያያዝ ሲለን «ድሪቶ ነው» ብለን እንወረውረዋለን። እኔ ይህን የተናቀ ነገር አንስቼ ማክበር ፈለግሁ። ችግሩ፣ ድሪቶ አልነበረኝም። የነበረኝ ከሱቅ በሜትር የገዛሁት ነጭ አቡጀዲ ነው። ስለዚህ በቡና ላስረጀው ተነሣሁ።

ቀለም የመንከር ሥራ ያስደስታል፤ አልዋሽም። አዲስ አቡጀዲ ፋብሪካ የቀባው ማጠንከሪያ ስላለበት መጀመሪያ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠባል፤ አለዚያ ቀለሙ እኩል አይዝም። የሽንኩርት ልጣጭ አንድ ሰዓት ያህል ሲፈላ ወርቃማ ቢጫ ይሰጣል። እርድ ከዚያ ይደምቃል፤ ግን ፀሐይ ቶሎ ይበላዋል። ቡና ፈዘዝ ያለ ቡኒ ነው፤ ጥቂት የዛገ ምስማር ጣል ካደረጋችሁበት ወደ ግራጫ ይጠቁራል። አያቴ ይህን ሙያ ከእኔ በፊት ያውቁታል። ለስፌት የሚሆነውን ሣር በፈላ ቀለም ነክረው፣ ጥላ ላይ አድርቀው፣ አለላ ሲያዘጋጁ እያየሁ ነው ያደግሁት።

ልዩነታችን የገባኝ እዚያው ድስቱን ሳማስል ነው። አያቴ ሣሩን ቀይ የሚያደርጉት ቀይ እንዲሆን ነው። የሰፉትን ሞሰብ የሚያይ ሰው «ይህ ሣር ቀይ ሆኖ በቀለ» ብሎ አይታለልም። እኔ ግን አቡጀዲውን ቡኒ የማደርገው ቡኒን ወድጄ አልነበረም። ሃምሳ ዓመት የተለበሰ እንዲመስል ነው።

«እንዴ! ሥነ ጥበብ ራሱ ማስመሰል አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው፤ ለራሴም ያልኩት ይህንኑ ነው። ሠዓሊ ደሀ ለመሣል ደሀ መሆን የለበትም። ነገር ግን ሥዕሉ «አየሁ» ነው የሚለው፤ ሸራው አዲስ፣ ቀለሙም ከሱቅ የመጣ መሆኑን ተመልካቹ ያውቃል። የተጣፈ ጨርቅ ከዚያ ያለፈ ነገር ይናገራል፤ «እዚያ ነበርኩ» ይላል። ሰው ከፊቱ ቆሞ ሆዱ የሚባባው፣ ይህን ጨርቅ የጨረሰው የማን ትከሻ ይሆን ብሎ ነው። ትከሻው ከሌለ፣ ያንን ሐዘኔታ የወሰድኩት አታልዬ ነው። ዓይንሽን ጨፍኝ ላሞኝሽ።

በማግስቱ አያቴ ዝም ብለው አንድ ጆንያ አውጥተው ፊቴ ዘረገፉት። አሮጌ ጨርቅ ነው። የወንድ አያቴ አረንጓዴ ቁምጣ አለ፤ ከሉማሜ እስከ ደብረ ማርቆስ በአስፋልቱ የሄደ ሁሉ የሚያውቀው ያ የጎጃም ገበሬ አረንጓዴ። የነጠላ ጥለት አለ፣ የልጆች ልብስ አለ። ከሥር ደግሞ አንድ ቀሚስ ወጣ። ወንድ አያቴ ሲያርፉ አያቴ ነጭ ቀሚሳቸውን ጥቁር ነክረው የለበሱት ነው። አሁን ጥቁር አይደለም፤ እጥበትና ፀሐይ ቡኒ አድርገውታል። ስፌቱ ሥር፣ ፀሐይ ያላገኘው ቦታ ብቻ ጨለም ብሎ ቀርቷል።

እኔ ደግሞ ለሥራዬ አንድ ደማቅ ጥቁር ጎድሎኝ ነበር። «እማማ፣ ይሄን መልሼ ጥቁር ልንከረው?» አልኳቸው።

ቀሚሱን ከእጄ ተቀበሉና በጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት።

«ጥቁር ካደረግሽውማ ዛሬ የሞቱ ይመስላል» አሉኝ።

ምንም መልስ አልነበረኝም። አንድ ቀን አዲሱን ላስረጅ፣ በማግስቱ ያረጀውን ላድስ፤ ሁለቱም ያው አንድ ድፍረት ነው። በጨርቁ ላይ ያለፈውን ጊዜ የእኔ ዕቃ አድርጌዋለሁ። የዚያ ቀሚስ ቡኒነት ከቀለም ካርድ ላይ የሚመረጥ ቡኒ አይደለም። አንዲት ሴት ከሐዘኗ ለመውጣት የፈጀባት ዘመን ነው።

እዚህ ላይ ብጨርሰው ጥሩ ትምህርት ይመስል ነበር፤ «የድሆች ቀለም እውነተኛ ነው፣ የእኛ ምርጫ ግን ሐሰት» የሚል። እኔም ወደዚያው እያዘነበልኩ ሳለ አያቴ ከጓዳ የሚደርቡትን የድሮ ድሪቶ አመጡልኝ። እያየሁት፣ «ያገኙትን ሁሉ ነው የጣፉበት፣ አይደል?» አልኳቸው። ተቆጡ!

«ማን ነው ያገኘሁትን ያለሽ? ይቺን አረንጓዴ ከእህቴ ለምኜ ነው ያመጣኋት፤ ቀዩ አጠገብ እንድትሆን ብዬ።»

«ለሙቀት ልዩነት አለው እንዴ?»

«ለገላ የለውም። ዓይንም እኮ ይበርደዋል።»

ለካ አያቴ ይመርጡ ነበር። ምርጫቸው ጠባብ ነበር እንጂ ባዶ አልነበረም።

አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ ጊስ ቤንድ የምትባል ወንዝ የተጠመዘዘባት መንደር አለች። ነዋሪዎቿ በባርነት ጥጥ ሲያለሙ የኖሩ ሰዎች ዘሮች ናቸው፤ ሴቶቹም ካረጀ የሥራ ልብስ የሚደረብ ይሰፉ ነበር። በ1972 እ.ኤ.አ. ሲርስ የተባለው ትልቅ የንግድ ድርጅት በአካባቢው ያለውን የሴቶች የስፌት ማኅበር ከኮርዶሮይ የትራስ ልብስ እንዲሠራለት አዘዘ። ሴቶቹ ከትእዛዙ የተረፈውን ቁርጥራጭ ወደየቤታቸው ወስደው እንደ ዓይናቸው ፍላጎት ቀጣጠሉት። በ2002 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ያለው የዊትኒ ሙዚየም የመንደሯን ሥራዎች ግድግዳው ላይ ሰቀለ። እንዲህ ያለ ሥራ ሲታይ «ድህነት የወለደው ውበት» ማለት ይቀናናል። ድህነት ግን መርፌ አይይዝም። የያዙት ሴቶች ናቸው። የእኛው ኤልያስ ስሜ ከተጣለ የኤሌክትሮኒክስ ሽቦ ግዙፍ ሥራ ሲያወጣም እንዲሁ ነው፤ ሽቦውን የጣለው ሌላ ነው፣ ቀዩ ከቢጫው አጠገብ የት እንደሚያርፍ የሚወስነው እሱ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ተለወጠ። መምረጥ ኃጢአት አይደለም፤ አያቴም መርጠዋል። ነውሩ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ጨርቁን ባላየው ነገር ላይ ማስመስከር፤ እኔ ከቡናው ድስት ጋር ያደረግሁት ይህንን ነው። ሁለተኛው፣ ምርጫ የነበረውን ሰው «ቸግሮት እንጂ» ብሎ ምርጫውን መንጠቅ። ይህኛው ይከፋል መሰለኝ፤ ምክንያቱም አክብሮት ይመስላል። ድሪቶን አከብራለሁ ብዬ ተነሥቼ፣ የሰፋችውን ሴት ዓይን እንደሌላት ቆጥሬ ነበር።

ሥራውን ጨርሼዋለሁ። ሐዘኑ ቀሚስ ቡኒ እንደሆነ ገባ፤ ጥቁሩ ቦታ ጎደለ፣ መጉደሉም ይታያል። አዲሱን አቡጀዲ በሽንኩርት ልጣጭና በእርድ ነክሬ፣ አዲስነቱን ሳልደብቅ አጠገቡ ሰፋሁት። እርዱ እንደሚለቅ አውቃለሁ። ይልቀቅ፤ እሱም የራሱን ዕድሜ ይኑር። የአረንጓዴውን ቁምጣ ቦታ ያሳዩኝ አያቴ ናቸው፤ እኔ ካሰብኩት አንድ ስንዝር ወደ ግራ።

በቡና የነከርኩት አራት ሜትርስ? አያቴ ቆርጠው የስኒ መሸፈኛ አደረጉት። «እዚህ ላይ እንኳ አልዋሸም፤ ቡና ነው» አሉ።