ይገባኛል

ፓስፖርት የሚያየው ሰውዬ ቀና ሳይል «ወዴት ነሽ?» አለኝ።

«ናይሮቢ።»

«ለሥራ?»

«አይ፣ ለመዝናናት።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

ይሄኔ ቀና አለ። «እዛ የሚቀበልሽ ሰው አለ?» የለም አልኩት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ማህተሙን መታልኝ፣ «መልካም ጉዞ» አለኝ። ፓስፖርቴን ሲመልስልኝ ግን ፊቱ ላይ «ያልነገረችኝ ነገር አለ» የሚል ነገር ይታይ ነበር።

አጠገቤ ባለው ሰልፍ ሃያ የሚሆኑ ሴቶች ቆመዋል። ሁሉም አንድ ዓይነት የፕላስቲክ ክላሰር ደረታቸው ላይ አቅፈዋል። ወደ ዓረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት እንደሚሄዱ ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም። አብዛኞቹ በዕድሜ ከእኔ ያንሳሉ። ከቤተሰባቸው አንድም ሰው አብሯቸው አይሄድም። ግን «ለምን ብቻሽን?» ብሎ የሚገረምባቸው አላየሁም። መልሱ ይታወቃላ! ለእናት መድኃኒት፣ ለወንድም ትምህርት፣ ለቤቱ ቆርቆሮ።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ስመለስ ደግሞ ሦስት ሰዎች ሦስት ነገር አሉኝ። ጓደኛዬ «ይገባሻል! ሴልፍ ኬር ነው» አለች። እማዬ «ምን ጎደለሽና ነው ሰው አገር የምትፈልጊው?» አለች። ታናሽ ወንድሜ «በዛ ብር እኮ...» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ሦስቱንም ይዤ ብዙ ሌሊት አሰብኩ። ይሄ ጽሑፍ የዛ ውጤት ነው፤ ጥያቄውም አንድ ነው፤ አንዲት ሴት ለማንም ብላ ሳይሆን ለራሷ ብላ ብቻዋን ብትሄድ በምን ይገባታል?

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። የኢትዮጵያ ሴት ከቤት ወጥታ መሄድ የጀመረችው ኢንስታግራም ሲመጣ አይደለም። አያቴ በየዓመቱ ለታህሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ትወርድ ነበር። በክረምት መውጫ ደግሞ ልጆቿን ለጎረቤት ትታ ሁለት ሳምንት ጸበል ትቀመጣለች። ስትመለስ ፊቷ በርቶ፣ ድምጿ ለስልሶ ነበር። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ያ ሁለት ሳምንት ምግብ የማታበስልበት፣ ማንም የማይጠራት፣ ተኝታ የምትነሳበት ብቸኛ ጊዜዋ ነበር። «ራሴን ልንከባከብ ነው» ብትል ኖሮ ማን ይሰማት ነበር? «ስለት አለብኝ» ስትል ግን የሚያቆማት የለም። አያቴ እምነቷ እውነተኛ ነበር፤ ሰበብ ፈጠረች እያልኩ አይደለም። እምነቷ ግን በሩንም ከፍቶላታል።

ስለዚህ አዲሱ ነገር የሴት ብቻዋን መሄድ አይደለም። አዲሱ ነገር ለሌላ ሰው የሚሆን ምክንያት ሳትይዝ መሄዷ ነው። ሴት ስትሄድ የፈቃድ ወረቀት የሚሆናት ነገር አለ፦ ስለት፣ በሽታ፣ ደሞዝ፣ ባል። እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ ያ ወረቀት አልነበረኝም። የሰውዬው ግርምት ከዛ የመጣ ይመስለኛል።

ወረቀት ካልኩ አይቀር፣ ከኬንያ በፊት ለአንድ የአውሮፓ ኤምባሲ አመልክቼ ተከልክያለሁ። ላላገባች፣ ልጅ ለሌላት፣ ከሠላሳ ዓመት በታች ላለች የኛ አገር ሴት ጥያቄው «ወደ አገርሽ የሚመልስሽ ምንድነው?» ነው። የሥራ ደብዳቤ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ ቤት፣ መሬት፣ የጋብቻ ሰርተፍኬት። ነገሩ ያስቃል። «ራስሽን ፈልጊ» የሚለው መጽሐፍና ቪዲዮ ሁሉ ከሚያስርሽ ነገር ተላቀቂ ይልሻል፤ ቪዛ ክፍሉ ደግሞ የታሰርሽበትን ገመድ አሳዪኝ ይላል። ብቻዬን ለመሄድ ሰው እንዳለኝ ማስመስከር ነበረብኝ።

ለዚህ ነው ያለ ቪዛ ከምንገባባቸው ጥቂት አገሮች አንዷን ኬንያን የመረጥኩት። ብሩም ቢሆን ከዛ በላይ አያስኬድም። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሬ ለውጥ በፊት ባንክ ውስጥ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አልፏል። አሥር ወር አጠራቅሜ ጠቅላላው 95 ሺህ ብር ገደማ ፈጀብኝ። ቁጥሩን የምጽፈው ስለዚህ ጉዳይ ብር ሳይጠሩ ማውራት ማጭበርበር ስለሚመስለኝ ነው።

ከናይሮቢ ወደ ሞምባሳ በባቡር ወረድኩ። በፈረንጆቹ 2017 ሥራ የጀመረው መስመር ነው፤ እንደ አዲስ አበባ–ጅቡቲው ቻይናዎች የሠሩት። ከአምስት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ በመሃል ጻቮን ያቋርጣል። በመስኮት ዝሆኖች አየሁ፣ የአካባቢውን አፈር ለብሰው ቀይ ሆነዋል። ሞምባሳ ስደርስ አሮጌው ከተማ አጠገብ አረፍኩ፤ ጠባብ መንገዶች፣ የተቀረጹ የእንጨት በሮች፣ ፖርቹጋሎች በ1590ዎቹ የሠሩት ፎርት ጂሰስ። ከዛ ደግሞ ባህር። በሃያ ስምንት ዓመቴ ባህር ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

እውነቱን ልንገራችሁ? የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ራሴን አላገኘሁም። ስልኬን ነው ያገኘሁት። ፎቶ እልካለሁ፣ ለእማዬ በቀን ሦስቴ እደውላለሁ፣ ጓደኛዬ ያለሁበትን እንድታይ ሎኬሽን ከፍቼ እተዋለሁ፣ ታክሲ ውስጥ «ባሌ ሆቴል እየጠበቀኝ ነው» እያልኩ እዋሻለሁ። ብቻዋን የምትሄድ ሴት ነፃነት ስሌት ይበዛዋል፤ ከመምሸቱ በፊት መግባት፣ ሴቶች አጠገብ መቀመጥ፣ ፈገግታን መመጠን።

አራተኛው ቀን ጠዋት ቁርስ ቤት ገባሁ። ልጅቷ ምን እንደምፈልግ ጠየቀችኝ፤ እኔም ዝም አልኩ። ሁልጊዜ የምበላው ሌላው ሰው ያዘዘውን እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። ቤት እማዬ ያቀረበችውን፣ ቢሮ «ምን እንብላ?» ሲባል ብዙኃኑ ያለውን። በኛ ባህል ምግብ ከአንድ ትሪ ነው፤ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ነው የሚባለው። ያንን ባህል እወደዋለሁ፤ ጉርሻ የማይወድ ማን አለ? ግን ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ምን እንደሚጥመኝ አለማወቄ ትንሽ አስደነገጠኝ። በመጨረሻ ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ያየሁትን አዘዝኩ፤ ማሃምሪ ከኮኮናት ጋር የተሠራ አተር መሰል ወጥ ያለው። ይኸው፣ አሁንም የሌላ ሰው ምርጫ!

ሁለተኛው ግኝቴ ይባስ ነበር። በየቀኑ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልቤ እየመታ እነቃለሁ። አዲስ አበባ እያለሁ የዴድላይን ጭንቀት ይመስለኝ ነበር። እዛ ዴድላይን የለም፤ ላፕቶፔን ትቼ ነው የሄድኩት። ግን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነቃሁ። ጸጥ ስላለ ነው መሰለኝ ምን እንደምሠራ ሰማሁት፤ እየደመርኩ ነበር። የእማዬ የስኳር መድኃኒት፣ የወንድሜ የዩኒቨርሲቲ ወጪ፣ የዕቁቡ ወር፣ የጣሪያው ጥገና። ጭንቅላቴ ውስጥ ማንም ሳያዝዘው የሚሠራ ካልኩሌተር አለ።

እኛ ኮድ የምንጽፍ ሰዎች ምክንያቱ የማይታወቅ ስህተት ሲገጥመን መጀመሪያ የምናደርገው ነጥሎ ማየት ነው። ከሌሎች ሲስተሞች ጋር የሚያገናኙትን ነገሮች አንድ በአንድ እናጠፋና ስህተቱ ይቀር እንደሆነ እናያለን። ከቀረ ከውጭ ነው የመጣው፤ ካልቀረ ከውስጥ ነው። ብቻ መጓዝ ለእኔ እንደዛ ነበር። ጥሪው፣ ቢሮው፣ ቤቱ ጠፉ፤ ድምሩ ግን ቀጠለ። እንግዲህ ውስጤ ነው ማለት ነው። ግን አንድ ነገር አትርሱ፤ ነጥለን የምናየው ነጥለን ልናስቀምጠው አይደለም። ተነጥሎ የቀረ ሲስተም ለማንም አይጠቅምም። ብዙ የጉዞ ታሪኮች የሚስቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ መፈተሻውን እንደ መኖሪያ ይቆጥሩታል።

እሁድ ማታ እታለም ደወለች። እታለም የእናቴ ታናሽ እህት ናት፤ ቤሩት ቤት ሠራተኛ ሆና አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ኢንጂነሪንግ ስማር የመጀመሪያዋን ላፕቶፕ የገዛችልኝ እሷ ናት። የመጀመሪያዬን ፕሮግራም የጻፍኩት በእሷ ጉልበት ነው ብል ማጋነን አይደለም። በቪዲዮ ባህሩን አሳየኋት።

«ቆንጆ ነው። የኛንም ይመስላል» አለች።

«ቤሩት ባህር ዳር ትሄጃለሽ?»

«አሁን እሁድ እሁድ እሄዳለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመት ግን መስኮት ስወለውል ነው የማየው። ቁልፉ እመቤቲቱ ጋር ነበር።»

ከዚህ በፊት ነግራኝ አታውቅም። በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው ቤሩት ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ጥለዋቸው ሲሄዱ ዓለም ሁሉ አይቷል። ከፋላ የሚሉት አሠራር የሠራተኛዋን መኖሪያ ፈቃድ በአሠሪዋ እጅ እንደሚያስር አንብቤያለሁ። የእታለምን መስኮት ግን አላውቅም ነበር።

«ውኃው ውስጥ ገባሽ?» አለችኝ።

«አይ፣ ዋና አልችልም።»

«ኧረ ግቢ የኔ ልጅ! እግርሽን እንኳ። እዛ ድረስ ሄደሽ!»

አሁን ወደ ጓደኛዬ ቃል ልመለስ። «ይገባሻል» ስትለኝ በፍቅር ነው፤ አውቃለሁ። ግን በምን ይገባኛል? የተለመደው መልስ «ስለለፋሽ» ነው። ይሄ መልስ እታለም ፊት አይቆምም። ዕረፍት የልፋት ደሞዝ ቢሆን ኖሮ የዓለም የባህር ዳርቻዎች ሁሉ በቤት ሠራተኞች ይሞሉ ነበር። እኔ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጬ ነው የለፋሁት።

ታዲያ የወንድሜ ያልተጨረሰ ዓረፍተ ነገር ትክክል ነው? «በዛ ብር እኮ ስንት ነገር ይሠራ ነበር» ሊል ነበር። እውነት ነው፣ ይሠራ ነበር። ግን ይሄ ሕግ ማብቂያ የለውም፤ ሁልጊዜ የባሰ የተቸገረ አለ፣ ስለዚህ ማረፍ መቼም አይፈቀድም። ደግሞም ሕጉ ለሁሉም እኩል አይሠራም። እሱ በየሳምንቱ ለኳስ ውርርድ የሚያወጣውን ብር ማንም በእማዬ መድኃኒት አባዝቶ አያውቅም። የሴት ልጅ ብር ነው ቶሎ ወደ ቆርቆሮ የሚመነዘረው።

ሴልፍ ኬር የሚለው ቃል ራሱ ሲጀመር የስፓ ማስታወቂያ አልነበረም። ጥቁር አሜሪካዊቷ ገጣሚ ኦድሪ ሎርድ ራስን መንከባከብ በሕይወት መቆየት ነው የሚለውን ሐሳቧን በ1988 ያሳተመችው ካንሰሩ ወደ ጉበቷ ተዛምቶ፣ ከሞት ጋር እየታገለች ነው። ለእሷ ራስን መጠበቅ ከትግሉ መሸሻ ሳይሆን ትግሉ ውስጥ መቆያ ነበር። በኋላ ነው ቃሉ ሻማና ክሬም መሸጫ የሆነው።

የተሻለ መልስ ያገኘሁት ሩቅ አይደለም፣ ሰንበት ላይ ነው። በኦሪቱ ትእዛዝ ዕረፍት ለጎበዝ ሠራተኛ የሚሰጥ ሽልማት አይደለም። ለጌታውም፣ ለእንግዳውም፣ ለከብቱም ነው፤ ገረዲቱን ሳይቀር ለይቶ ይጠራታል። ማንም አይመዝነውም። ሃይማኖተኛ ሁኑም አትሁኑም ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ዕረፍት የሚገባሽ ሰው ስለሆንሽ ነው።

እኔን ያሳረፈኝም ያላሳረፈኝም ይሄው ነው። ሰው በመሆኔ ከሆነ የሚገባኝ፣ ለብቻዬ ሊገባኝ አይችልም። መስኮት የምትወለውለዋም ሰው ናት። «ይገባኛል» ባልኩ ቁጥር «ይገባታል» ማለቴ ነው፤ ያንን ካልኩ ደግሞ ዕዳ አለብኝ። አማርኛችን ላይ አንድ ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል፤ «ይገባኛል» ማለት ድርሻዬ ነው ማለት ነው፣ ተረድቼዋለሁ ማለትም ነው። እኔ የመጀመሪያውን ይዤ ሄጄ ሁለተኛውን ይዤ ተመለስኩ።

በማግስቱ ውኃው ውስጥ ገባሁ። እስከ ጉልበቴ። ሞቅ ያለ ነበር።

አዲስ አበባ እንደተመለስኩ ለእታለም አዲስ ዕቁብ ጀመርኩ። ለቤተሰብ አይደለም፣ ለቆርቆሮም አይደለም፣ ለእሷ ዕረፍት። ደውዬ በኩራት ነገርኳት። «ወደፈለግሽበት ትሄጃለሽ፣ ብቻሽን፣ ማንንም ሳታገለግዪ።»

ረጅም ሳቅ ሳቀች።

«የኔ ልጅ፣ እኔ ብቻዬን መሄድ ጠግቤያለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻዬን ነኝ። እኔ የምፈልገው ከሰው ጋር ቁጭ ብዬ ቡና መጠጣት ነው። አንቺ ደግሞ ጀበናዋን ትይዣለሽ፤ እኔ ተቀምጬ እጠጣለሁ።»

ጭራሽ ያላሰብኩት ነበር። የእኔን ዕረፍት ለእሷ ልሰጣት ስሞክር እሷ የራሷ ነበራት። እንደኔ ሰው ለበዛባት ዕረፍት ብቻ መሆን ሊሆን ይችላል፤ ብቻዋን ለቀረችው ደግሞ ሰው ነው ዕረፍት። ሁለታችንንም የሚያመሳስለን «ምን ትፈልጊያለሽ?» ብሎ የጠየቀን ሰው ጥቂት መሆኑ ነው።

ዕቁቡ የሚደርሰኝ መስከረም ላይ ነው። ጀበናው ተገዝቷል።