በእጃችን የወደቀ ጠላት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደርና በጌዶ አልፎ ወደ ነቀምት የሚወስደውን መንገድ ከእኛ መካከል የማያውቅ የለም። ለገበያ ሄደንበታል፤ ልጆቻችንን ለትምህርት ሸኝተንበታል፤ ሙታናችንንም ተሸክመንበታል። ጠላት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በገባ ጊዜ፣ በሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ከስዊድን መኮንኖች ትምህርት የቀሰሙ ወጣቶች አገራቸውን አናስረክብም ብለው ወደ ምዕራብ አቀኑ። ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። እነዚህ ወጣቶች በወለጋ ከሌሎች አርበኞች ጋር ተገናኝተው የጥቁር አንበሳን ማኅበር አቋቋሙ። ሊቀ መንበራቸው በእንግሊዝ አገር የእንስሳት ሕክምና የተማሩት ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ።

ዛሬ ከእናንተ ጋር ላስበው የምፈልገው እነዚሁ ወጣቶች ከሰማይ የመጣ ጠላት በእጃቸው የወደቀበትን አንዲት ሌሊት ነው። ታሪኩን የማነሣው የቆየ ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም። ጌታችን ስለ ጠላት ያስተማረን ትምህርት ከባድ የሚሆነው ጠላት ከሩቅ ሲሆን ሳይሆን በእጃችን ሲገባ መሆኑን ስለሚያሳየን ነው።

የቦነያ ሌሊት

ሰኔ 19 ቀን 1928 ዓ.ም. ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች በነቀምት አቅራቢያ በቦነያ ሜዳ ላይ አረፉ። ከተሳፋሪዎቹ መካከል የኢጣሊያ አየር ኃይል በምሥራቅ አፍሪካ ምክትል አዛዥ የነበረው ጄኔራል ቪንቼንዞ ማሊዮኮ፣ ኮሎኔል ማሪዮ ካልደሪኒና በአገሩ ዝነኛ የነበረው አብራሪ አንቶኒዮ ሎካቴሊ ይገኙ ነበር። የመጡትም የአካባቢውን ባላባቶች በሰላም አሳምነው ምዕራቡን ያለ ውጊያ ለመያዝ ነበር። ከእነርሱ ጋር አንድ ካህንም ነበረ፤ ሕዝቡን የሚያውቅ የኮንሶላታ ማኅበር ሚስዮናዊ፣ አባ ማሪዮ ቦሬሎ።

ሌሊት ላይ የጥቁር አንበሳ አርበኞች ሰፈሩን ከበቡ። አውሮፕላኖቹ ተቃጠሉ። ከጣሊያኖቹ ከካህኑ በቀር አንድም ሰው አልተረፈም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ! በእነዚያ ወጣቶች ላይ በችኮላ መፍረድ አይገባንም። ሌሊቱ የውጊያ ሌሊት ነበር፤ አገሩም የእነርሱ ነበር። አውሮፕላን ማለት ለዚያ ዘመን ኢትዮጵያዊ ምን እንደ ነበረም እናስታውስ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የደሴ ከተማና በውስጧ ያለው ሆስፒታል በቦምብ ተደብድበዋል። በሰሜንም በደቡብም ግንባር የመርዝ ጋዝ ከሰማይ ወርዶ የወታደሩንም የገበሬውንም ገላ አቃጥሏል፤ ውኃውንና ሣሩን መርዟል። ሰው ከጠላቱ ጋር ፊት ለፊት ቢገናኝ ዐይኑን ያያል፤ ከላይ የሚመጣው ሞት ግን ፊት የለውም። ስለዚህ ያ ፊት የሌለው ሞት አንድ ቀን መሬት ላይ አርፎ፣ ክንፉን አጥፎ፣ ተኝቶ የተገኘ ጊዜ የቁጣው ብርታት ለማንም ግልጽ ነው።

ነገር ግን እነዚሁ አርበኞች ለራሳቸው ሕግ ጽፈው ነበር። ማኅበራቸው ባወጣቸው ዐሥር አንቀጾች ውስጥ ገበሬ እንዳይበደልና ምርኮኛ በሰብአዊነት እንዲያዝ የሚያዝዝ ደንብ ይገኝበታል። አገር በተወረረበት፣ ወራሪው ራሱ ምሕረት ባላሳየበት ሰዓት፣ በጫካ ውስጥ ያሉ ወጣቶች ይህን መጻፋቸው ያስደንቃል። በውጊያ ግለት መካከል እንኳ ሰው ከጠላቱ ያነሰ ሆኖ እንዳይገኝ ኅሊና ትጮኻለች ማለት ነው። እግዚአብሔር በሰው ሁሉ ልብ የጻፈው ሕግ ይህ ነው።

አባቴ ሆይ፣ ልምታቸውን?

ቅዱስ መጽሐፍ ይህንኑ ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 6 እንደምናነበው፣ ነቢዩ ኤልሳዕን ሊይዙ የመጡ የሶርያ ወታደሮች ዐይናቸው ታውሮ፣ ወዴት እንደሚሄዱ ሳያውቁ፣ በራሱ በነቢዩ መሪነት በሰማርያ ከተማ መካከል ገቡ። ዐይናቸው ሲከፈት በጠላታቸው እጅ ነበሩ። የእስራኤል ንጉሥም ነቢዩን አባት ብሎ ጠርቶ፣ ልግደላቸው ወይ ሲል ደጋግሞ ጠየቀው። ኤልሳዕ ግን ከለከለው፤ እንጀራና ውኃ አቅርብላቸው፣ በልተውና ጠጥተው ወደ ጌታቸው ይመለሱ አለው። ንጉሡም ታላቅ ግብዣ አደረገላቸው። መጽሐፉ ታሪኩን ሲዘጋ፣ ከዚያ በኋላ የሶርያ አደጋ ጣዮች ወደ እስራኤል ምድር መግባት እንደ ተዉ ይነግረናል።

ልብ በሉ! ኤልሳዕ ሶርያውያን ደጎች ናቸው አላለም። ጦርነቱ ፍትሐዊ ነው ወይም አይደለም ብሎም አልተከራከረም። ያየው አንድ ነገር ነው፤ በእጅህ የወደቀ ሰው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አደራ ነው። ጌታችንም ጠላቶቻችሁን ውደዱ ሲለን ያዘዘን ይህንኑ ነው።

ተይዞ የነበረ ሰው

ቀደም ብዬ የጠቀስሁት የሎካቴሊ ሕይወት ስለዚሁ ነገር ብዙ ያስተምራል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1918 ዓ.ም. አውሮፕላኑ ተመትቶ በኦስትሪያ ሠራዊት እጅ ወድቆ ነበር። አልገደሉትም፤ ምርኮኛ አደረጉት፤ ከእስር ቤትም አምልጦ ወደ አገሩ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1924 ዓ.ም. ደግሞ የአትላንቲክን ውቅያኖስ በአየር ለመሻገር ሲሞክር በግሪንላንድ አጠገብ በባሕር ላይ ለማረፍ ተገደደ። ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር ለቀናት በማዕበል ሲንገላታ ቆይቶ አንድ የአሜሪካ የጦር መርከብ ፈልጎ አገኘውና ከሞት አዳነው።

ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ ሁለት ጊዜም በባዕድ እጅ ሕይወቱን አገኘ። ከሰው ምሕረት የተቀበለ ሰው ምሕረትን ይዞ ወደ ሌላው መሄድ ይገባው ነበር። እርሱ ግን ወደ እኛ አገር የመጣው የሌላውን ነጻነት ለመውሰድ ነው። ይህ የእርሱ ብቻ ኃጢአት አይደለም። አሥር ሺህ መክሊት ተትቶለት መቶ ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን አንቆ የያዘው አገልጋይ፣ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 የተነገረው፣ በእያንዳንዳችን ቤት ይኖራል።

ካህኑና ያተረፉት

አሁን ለእኛ ለካቶሊካውያን ከሁሉ ወደሚከብደው ነገር እንመጣለን። በዚያ ጉዞ ካህን ነበረ። የሕዝቡን ሰላም የሚመኝ ሰው ሊሆን ይችላል፤ በልቡ የነበረውን የሚመረምር እግዚአብሔር ነው። ሆኖም ወንጌልን የሰበከለት ሕዝብ ያየው ቦምብ በጣለበት አውሮፕላን ተሳፍሮ ሲመጣ ነው። መስቀልና ቦምብ በአንድ አውሮፕላን ሲጓዙ፣ ከታች ቆሞ የሚያይ ገበሬ ሁለቱን ለይቶ ሊያይ አይችልም። ይህን በግልጽ መናገር ቤተ ክርስቲያንን ማዋረድ አይደለም። ሐዋርያው ጴጥሮስ የካደባትን ሌሊት ወንጌላውያን አልሸሸጉም፤ እኛም የአባቶቻችንን ስሕተት መሸሸግ አይገባንም።

ሆኖም ከዚያ ሌሊት በሕይወት የተረፈው እርሱ ነው። በተቆጣና በተሸበረ አገር መካከል አንድ ነጭ ቄስ ያለ አገሬው ሰው ርዳታ በሕይወት ሊሰነብት አይችልም። ያበላው እጅ አለ፤ ሲጠየቅ አላየሁም ያለ አፍ አለ። የጄኔራሉና የአብራሪው ስም በጣሊያን አገር በሐውልትና በአደባባይ ላይ ተቀርጿል። ካህኑን ያስጠለለ ቤት ግን ሐውልት የለውም። የመሸበትን መንገደኛ የእግዚአብሔር እንግዳ ብሎ የሚቀበል ሕዝብ፣ ጠላት ነህ ወይስ ወዳጅ ብሎ ሳይመረምር በሩን ከፈተ። በመጨረሻው ፍርድ ቀን ጌታ፣ እንግዳ ሆኜ ተቀበላችሁኝ ሲል፣ እነዚያ የወለጋ ገበሬዎች መቼ አይተንህ ብለው ይደነቃሉ ብዬ አምናለሁ።

የበቀል ሰንሰለት

ከቦነያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። ጠላት ብድሩን ለመመለስ ነቀምትን በአውሮፕላን ደበደበ። በማያውቁት ነገር ሕፃናትና ሽማግሌዎች ዋጋ ከፈሉ። ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን ሲሰጡ፣ አብረዋቸው ከነበሩት የጥቁር አንበሳ ወጣቶች ብዙዎቹ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለበት ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ተገደሉ። የሐኪም ወርቅነህ ልጆች፣ ዮሴፍና ብንያም፣ ከእነርሱ መካከል ናቸው። ምርኮኛ እንዳይጎዳ የጻፉት እጆች ራሳቸው ምርኮኛ ሆነው ያን ምሕረት አላገኙም።

ከዚያም ቀደም ብሎ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በኦጋዴን ቲቶ ሚኒቲ የተባለ አብራሪ ከባልደረባው ጋር በጠላት ምድር ወርዶ ተገድሎ ነበር። ጣሊያኖች ይህን ምክንያት አድርገው ከጥቂት ቀናት በኋላ በመልካ ዲዳ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል ደበደቡ፤ በአልጋ ላይ የተኙ ቁስለኞችም አለቁ። የሁለት ሰው ደም የብዙ ሕሙማንን ደም ጠራ። በቀል የሚሻው በዳዩን ነው እያለ ይነሣል፤ የሚያገኘው ግን ሁልጊዜ ደካማውን ነው።

ቤተ ክርስቲያን በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ዓ.ም. ስለ ዘመናዊው ዓለም ባወጣችው ሰነድ ቁጥር 80 ላይ፣ ከተሞችን ከነነዋሪዎቻቸው በጅምላ ማጥፋት በእግዚአብሔርና በሰው ላይ የሚፈጸም ወንጀል መሆኑን አውግዛለች። የዓለም መንግሥታትም እ.ኤ.አ. በ1949 ዓ.ም. በጄኔቫ ስለ ምርኮኞች ተስማምተዋል። እ.ኤ.አ. በ1977 ዓ.ም. በተጨመረው ፕሮቶኮል ደግሞ ከሚወድቅ አውሮፕላን በጃንጥላ የሚወርድ ሰው እንዳይመታ፣ መሬት ሲደርስም እጁን የመስጠት ዕድል እንዲያገኝ ተደንግጓል። ሕጉ መልካም ነው። ነገር ግን ሕግ የሚጠብቀው ልብ ይፈልጋል፤ ልብም የሚሠራው በቤትና በቤተ ክርስቲያን ነው።

ለእኛስ?

ከጣሊያን ወረራ ብዙ ዘመን አልፏል። ሰማዩም የባዕድ አውሮፕላን አያመጣብንም። ነገር ግን በቅርብ ዓመታት በዚሁ መንገድ ላይ፣ በዚሁ በምዕራብ ሸዋና በወለጋ፣ ሰው በሰው እጅ ወድቋል። ከመኪና ወርዶ የተወሰደ አለ፤ ከቤቱ ተጠርቶ ያልተመለሰ አለ፤ ልጇ የት እንዳለ ሳታውቅ ሻማ የምታበራ እናት በየምእመናኑ መካከል አለች። ወራሪው ባዕድ ነበር፤ ዛሬ የሚጋደለው ግን አንድ ምንጭ የጠጣ ወገን ነው። ስለዚህ የኤልሳዕ መልስ ለእኛ ይበልጥ ያስፈልገናል።

ምድራችንም ይህን የምታስተምርበት የራሷ ሥርዓት አላት። የኦሮሞ ሽማግሌዎች በጉማ ሥርዓት ደም የተቃቡትን አስታርቀው ደሙን ያደርቃሉ፤ የገዳይና የሟች ወገን በአንድ ላይ እንዲበሉ ያደርጋሉ። ይህ ሥርዓት ወንጌሉን የሚቀበል ለም መሬት ነው። የተከበራችሁ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ስለ ዕርቅ ስታስተምሩ ይህን ለልጆቹ አስረዱ።

ሦስት ነገርም አደራ እላችኋለሁ። አንደኛ፣ ለአርበኞቻችን ስትጸልዩ በዚያው ሌሊት ለሞቱት ጠላቶችም ጸልዩ፤ ነፍሳቸውን የሚፈርድ እግዚአብሔር ነውና። ሁለተኛ፣ በመንደራችሁ የማንም ወገን ይሁን የተሸነፈ፣ የቆሰለ ወይም የሸሸ ሰው በእጃችሁ ሲገባ፣ ከሁሉ በፊት እንጀራና ውኃ ስጡት። ሦስተኛ፣ ልጆቻችሁ በቀልን እንደ ጀግንነት ሲያወሩ ዝም አትበሉ። ምርኮኛ እንዳይጎዳ የጻፉትን የሆለታ ወጣቶች ንገሯቸው፤ ካህኑን የሸሸጉትንም ገበሬዎች ንገሯቸው። ሁለቱም የእኛ ናቸው።

እኛ ራሳችን የእግዚአብሔር ጠላቶች ሳለን በልጁ ሞት እንደ ታረቅን ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ጽፏል። በኃጢአታችን ወድቀን በእጁ ስንገኝ ሊመታን ሲችል ማዕዱን ዘረጋልን። ዛሬም ወደ ቅዱስ ቁርባን የምንቀርበው በዚሁ ምሕረት ነው።

እንጸልይ። ጌታ ሆይ፣ በእጃችን የወደቀውን ወንድማችንን አንተን አድርገን እንድናይ ዐይናችንን ክፈትልን። ከቤታቸው ለተለዩት መመለስን፣ ለሚያለቅሱት እናቶች መጽናናትን፣ ለምድራችን ሰላምን ስጥ። ስለ እመቤታችን ስለ ቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።