ከተራራው ስንወርድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ባለፈው ጥቅምት ወር በአንድ ቅዳሜ፣ በ1888 ዓ.ም. ለተገኘው የዐድዋ ድል መታሰቢያ ከሆነው ደብራችን ከጊዮርጊስ ተነሥተን በእግራችን ወደ እንጦጦ ወጣን። ደብሩን ተሳልመን መንገድ ስንጀምር ገና ጎሕ መቅደዱ ነበር። ስንቃችን ዳቦና ቆሎ ነበር። ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለው አቀበት ብዙዎቻችንን ቢያደክመንም መዝሙራችን አልተቋረጠም።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑባትን እንጦጦ ማርያምን ተሳልመን፣ በራጉኤል በኩል የተራራውን ጫፍ ይዘን ተጓዝን። በደቡብ ከተማችን ከእግራችን ሥር ተዘርግታለች፤ ከእርሷ ወዲያ የረር፣ ፉሪና ወጨጫ ቆመዋል። በሰሜን የሱሉልታ ሜዳ ይታያል። በዚህ ተራራ ላይ የሚወርደው ዝናብ በደቡብ በኩል ያለው ወደ አዋሽ፣ በሰሜን በኩል ያለው ወደ ዓባይ ይሄዳል። ይህን ሁሉ እያየን ፈጣሪን አመሰገንን። «ምነው እዚሁ ባደርን!» ያልንም ነበርን።

ወደ ማታ ቁልቁለቱን ስንወርድ፣ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል የተሸከሙ እናቶች ከፊታችን ይሄዱ ነበር። ከሸክሙ ብዛት የተነሣ ጎንበስ ብለው ከመሬት በቀር ሌላ አያዩም። መንገዱ ጠባብ ነበርና «እናቶች፣ አሳልፉን!» እያልን፣ እየዘመርን አለፍናቸው። አንዲት እናት እኛን ለማሳለፍ ወደ ዳር ሲሉ እግራቸው አዳለጣቸውና ከነሸክማቸው ወደቁ። መዝሙራችን ያን ጊዜ ተቋረጠ።

ደግነቱ አልተጎዱም። ሸክሙን ሁለት ጎልማሶች ሊያነሡት ቢሞክሩ ከበዳቸው። «ተዉት ልጆቼ፤ እኔ ለምጄዋለሁ» አሉን። እኛ ግን አፍረን ለአራት ተከፋፍለን እስከ ሽሮ ሜዳ አደረስንላቸው። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ገብቶ ከተማይቱን ከማገዶ እጦት እንዳዳነ በትምህርት ቤት ተምረናል። እናቶቻችን እንጀራ የጋገሩበት ቅጠል በማን ጀርባ እንደ ወረደ ግን ያን ዕለት ነው ያወቅነው።

ወገኖቻችን ሆይ! ቅዱስ ጴጥሮስ በደብረ ታቦር ብርሃኑን ባየ ጊዜ እዚያው ሦስት ዳስ ሊሠራ ወደደ። ጌታችን ግን ወረደ፤ ከተራራው ሥር ልጁ የታመመበት አባት ይጠብቅ ነበርና ልጁን ፈወሰለት። እኛ በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን ቡሄን ስናከብር ብርሃኑን እናስባለን፤ ያንን አባት ግን እንረሳዋለን።

ይህን የምንጽፈው በጎ ሠራን ለማለት አይደለም። እኒያ እናት ባይወድቁ ኖሮ ዘምረን ባለፍናቸው ነበር። ሩቁን የረርን ያየ ዓይናችን በአንድ ክንድ ርቀት ያሉትን እናት አላየም። እግዚአብሔርን በተራራ ላይ አመስግኖ በቁልቁለቱ ላይ ሰውን መግፋት ምን ዓይነት ምስጋና ነው?

ስለዚህ በሚመጣው ጉዟችን ሁለት ነገር እንድናደርግ እንማከር። ስንቅ ስንቋጥር ለሚያገኙን እናቶች የሚበቃ ዳቦና ውኃ እንጨምር፤ ስንመለስም ማናችንም ባዶ ትከሻችንን አንውረድ። ከተራራ መውጣታችን የሚታወቀው ስንወርድ ነውና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።